ያልተቆረጠው ዝምታ

ምስክርነቱ የጠፋው በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ ሲያዳምጥ ነው።

ሴትዮዋ አስቀድሞ በተቀዳው ቃሏ ስለ ወፍጮ ቤቱ ተናገረች። ወታደሮቹ ወንዶቹን ከሰልፉ እየነጠሉ እንዳወጡ፣ ከተረሸኑት መሃል ሁለቱ ወንድሞቿ እንደነበሩ ተናገረች። ጋዜጠኛዋ «ትእዛዙን የሰጠው ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ከዚያ ሙዚቃ መጣ። እስከ ዝግጅቱ ማብቂያ ሙዚቃ ብቻ።

ጋዜጦች ስለ ወታደሮቹ አዛዥ ኒሻን እንጂ ስለ ወፍጮ ቤቱ ጽፈው አያውቁም። ቴሌቪዥኑም አፉን ለጉሟል። የቀረችው ይህች አንዲት ጣቢያ ነበረች።

ምርመራው ለጥበቃ ኃላፊው ተሰጠ። ጡረታ እስኪወጣ የወንጀል መርማሪ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፉ ስለማይጠፋ ሠራተኛው ስሙን ትቶ «ጠርጥር» ይለዋል።

«ቴክኒሻኑ ነው» አለው ዋና አዘጋጁ። «ሪፖርትህን ዛሬውኑ አምጣልኝና ለፖሊስ እናስረክበው።»

ጠርጥር ጥፋተኛ ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ደስ አይለውም።

ሴትዮዋ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ስልኳን ጨብጣ ተቀምጣለች። ሲያልፍ አስቆመችው።

«ጎረቤቶቼ ደወሉ። ስሙ ጋ ስትደርሺ ሙዚቃ የሆነው ተከፍሎሽ ነው አሉኝ። በወንድሞቼ ደም?»

ጠርጥር ወደ ስቱዲዮ ገሰገሰ።

ቴክኒሻኑን ስቱዲዮ በር ላይ አገኘው።

«ሙዚቃውን ማን ለቀቀው?»

«ማንም፣ ጋሼ። ዝምታ ጠባቂዋ ናት።»

«እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

ቴክኒሻኑ በጭንቀቱ መሃል ሳቅ አመለጠው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ሣጥን አሳየው። ስርጭቱ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ጸጥ ካለባት መስመር የተቋረጠ ይመስላትና የራሷን ሙዚቃ ትለቃለች። በእጅ ካልመለሷት አትመለስም።

«ታዲያ አትመልሳትም ነበር?»

«የት ነበርኩና? ዋና አዘጋጁ ጠርቶኝ የኮምፒውተሩን ገመድ ሲያስፈትሸኝ ነበር። ስመለስ ሙዚቃ ሆኗል። ልመልሰው ስል ‹ብልሽት ነው፣ እንዳትነካው› አለኝ።»

«ይህን የሰማ አለ?»

«የለም። የሱ ቃልና የኔ ቃል ነው።»

ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም። ጠርጥር አላመነውም። ወደ ጋዜጠኛዋ ዞረ፤ እሷንም አላመናትም።

«እናትሽ ‹ይህን ነገር ተዪው፣ ትሞቻለሽ› እያለች ስታለቅስ ነበር አሉ።»

«አልቅሳለች። እኔ ግን አልተውኩም።»

«ቅጂውን አሰሚኝ።»

አሰማችው። ጥያቄው መጣ። ከዚያ ዝም። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ጠርጥር ማሽኑ የቆመ መስሎት ቀና አለ። ዝምታው ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ ሴትዮዋ የአዛዡን ስም ከነማዕረጉ ጠራች።

«ይሄን ሁሉ ዝምታ ለምን አልቆረጥሽውም?»

«ልቆርጠው ነበር፤ ሁልጊዜም እንቆርጣለን። ዋና አዘጋጁ ነው የከለከለኝ። ‹ዝምታዋ ክብሯ ነው› ሲል ሁላችንም እንባችን መጣ።»

«ሣጥኗስ?»

«ለሙታን መታሰቢያ ጸጥ ስንል ራሱ ያስዘጋታል። ዛሬም የሚያስዘጋት መስሎኝ ነበር።»

«ቴክኒሻኑ ይሄን ቅጂ ሰምቶታል?»

«አልሰማም። ወሬው እንዳይወጣ ብሎ እስከ ስርጭቱ ሰዓት ዋና አዘጋጁ ራሱ ነው የያዘው።»

ስንጥሩ ተገኘ።

ጠርጥር ዋና አዘጋጁ ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ።

«ዝምታው እንዳይቆረጥ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ቴክኒሻኑንም ከቦታው ያስነሱት እርስዎ።»

«ለክብሯ ብዬ ነው።»

«ለክብሯ ቢሆን ሣጥኗን ያስዘጉ ነበር።»

ዋና አዘጋጁ ዝም አለ። ያቺ ሣጥን እዚህ ቢሮ ብትሰቀል ኖሮ ሙዚቃዋን ለቃ ነበር።

«ልጄ የሱ ወታደር ነው» አለ በመጨረሻ። «አዛዡ ራሱ ደወለልኝ። ‹ልጅህ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው ያለው› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።»

«ታዲያ ዝግጅቱን አይከለክሉም?»

«ብከለክል ማን እንደደወለልኝ ትጠይቁ ነበር። ብልሽት ግን ማንንም አያስጠይቅም።»

«ቴክኒሻኑን እንጂ።»

አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። ጠርጥር ተናደደበት፤ አዘነለትም። እሱም አባት ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ልጅዎን አምላክ በሰላም ይመልስልዎ» አለች። «የኔዎቹ ግን አይመለሱም። ስማቸውን ሸጠች እየተባልኩ አገሬ መግባት አልችልም።»

ዋና አዘጋጁ ተነሳ። ስቱዲዮ ድረስ ሄዶ ለቴክኒሻኑ፣ ያን ቀን ቀድሞ ማለት የነበረበትን ቃል ነገረው።

«ሣጥኗን ዝጋት።»

ቅጂው እንደገና አየር ላይ ዋለ። ጥያቄው ተሰማ። አገር ሁሉ የሴትዮዋን ዝምታ ሰማ፤ ሙዚቃ አልመጣም። ከዚያ ስሙ ተጠራ።

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋዜጠኛዋ እጇን ያዘቻት።

ኮሪደሩ ጫፍ የዋና አዘጋጁ ስልክ ይጮህ ጀመር። ማን እንደሆነ ሁሉም አውቀዋል። አዘጋጁ ወደ ቢሮው ሄደ፣ ስልኩ ፊት ቆመ። ጠርጥር ተከትሎት ገብቶ አጠገቡ ቆመ።

«አንሳው ትለኛለህ?»

«እኔ ምንም አልልም» አለ ጠርጥር። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸና ማንም ሳያነሳው ዝም አለ።