ቀይ ነጥብ ያለው አይሲ

አያትየው የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ በር ላይ ሲደርሱ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ከነጩ ጨርቅ ሥር ሁለት ጫማዎች ብቅ ብለዋል፤ የአንደኛው ማሰሪያ ተፈቷል። «ምስኪን፣ ማሰሪያህን እሰር የሚለው እንኳን አላገኘም» ብለው አዘኑና ወዲያው ደነገጡ። የመጡት ለሟቹ አልነበረም። የመጡት ለልጅ ልጃቸው ነው።

ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ፖሊስ ቆሟል።

«ምሳ በልተሻል?» አሏት፣ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው።

«አያቴ፣ ለምን መጣሽ?»

«ያዟት ሲሉኝ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ?»

«አልተያዘችም፣ እማማ» አለች ከጠረጴዛው ወዲያ የነበረችው መርማሪ፣ ጉንፋን በዘጋው ድምፅ። «ገና ነው።»

የሟቹ ረዳት ወንበር ስቦ አያትየውን አስቀመጣቸው፣ ውኃም አመጣላቸው። ተማሪዎቹ «ፊውዝ» የሚሉት ሰው ነው፤ ጥፋት ሲመጣ ሁሌ ለሌላው ቀድሞ የሚቃጠል እሱ ስለሆነ። አያትየው ከልባቸው መረቁት።

የሞተው የዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ መምህር ነው። ወርክሾፑ ጥግ ላይ በሽቦ የታጠረ ጠባብ ክፍል አለ፤ ውስጡ ከባድ ኃይል ያለው ትራንስፎርመር ቆሟል። ኃይሉ የሚገባው የክፍሉ በር ሲዘጋና ቁልፉ ሲዞር፣ ሁለቱም ሲሟሉ ብቻ ነው። መምህሩ አዲስ ተማሪ በተቀበለ ቁጥር ቁልፉን ያዞራል፤ በሩን ግን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይገባና ብረቱን በባዶ እጁ ይነካል። «አያችሁ፣ አንዱ ከጎደለ የለም» ይላል። ዛሬም ነካ። አንዱ ጎድሎም ኃይሉ ነበር።

ኃይሉን የሚያስገባውን መቆጣጠሪያ የሠራችው ደግሞ የመምህሩ ጎበዝ ተማሪ የነበረችው ልጅቷ ናት።

«ምንም እንደማላውቅ ቆጥረሽ አስረጂኝ» አለች መርማሪዋ። «ደግሞም አላውቅም።»

ልጅቷ ሁለት ማብሪያና አንዲት ትንሽ አምፖል ያለበትን የመለማመጃ ሰሌዳ ሳበች። ከመሳቢያ አንዲት ጥቁር አይሲ፣ የብረት እግሮች ያሏትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ አውጥታ ሰካችበት።

«ይቺ ‹እና› ትባላለች። ሁለት መግቢያ፣ አንድ መውጫ። ይኸው አንዱን ተጫንኩ፣ የለም። ሌላውን ብቻ፣ የለም። ሁለቱንም...» አምፖሏ በራች። «‹ወይም› የምትባለው ግን አንዱ ይበቃታል።»

«በመልክ ይለያያሉ?»

«መንትዮች ናቸው። የእግራቸው ቁጥርም አቀማመጥም አንድ ነው። አንዷን ነቅለው በሌላዋ ቦታ ቢሰኩ ይገጥማል። የሚለያቸው ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።»

መርማሪዋ መዳፏን ከፈተች። «ይቺን ከመቆጣጠሪያው ነቀልናት። ቁጥሯ ተፍቋል። ሞክሪልኝ።»

ልጅቷ ሰክታ አንዱን ማብሪያ ብቻ ተጫነች። አምፖሏ በራች። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«የኔ አይደለችም። የኔ የመጀመሪያው እግሯ አጠገብ ቀይ የጥፍር ቀለም አላት። አዙሬ እንዳልሰካት ምልክት አደርጋለሁ።»

«እንግዲህ የጥፍር ቀለም ጠበቃ ሆነ» አለ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከበሩ ላይ። «ትናንት ከመምህሩ ቢሮ እያለቀሰች ስትወጣ ያላየ የለም። ምን ብሏት እንደሆነ ትናገር።»

ልጅቷ አቀረቀረች።

«ተናገሪ እንጂ፣ ልጄ» አሉ አያትየው። «አፍሽን ማን ያዘው? እኔ ይሄን ሽቦ ድሮም አልወደድኩት። ስፌት ተማሪ ብያት ነበር።»

«አያቴ፣ ተይኝ።»

መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞረች። «አንተስ ጠዋት ምን ሠራህ?»

«የዘወትር ሥራዬን። ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። በሩን ዘግቼ፣ ቁልፉን ሳላዞር በመለኪያ ለካሁ፤ ኃይል የለም። በሩን ከፍቼ ቁልፉን አዙሬ ለካሁ፤ የለም። ተማሪዎቹ እስኪገቡ ንቅንቅ አላልኩም። የልጅ ሥራ ነው፤ ድንገት ተበላሽቶ ይሆናል። አይፈረድባትም።»

አያትየው ይሄስ ሰው ደግ ነው ብለው እንደገና ሊመርቁት አሰቡ።

መርማሪዋ አፍንጫዋን እየጠረገች ግድግዳው ሥር ወዳሉት ትንንሽ መሳቢያዎች ሄደች። አንዱን እየሳበች፣ አይሲዎቹን እየገለበጠች ብዙ ቆየች። «የእነዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም» አለ ረዳቱ፣ ኩራት ባለበት ድምፅ። «ማታ ቆልፌ ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«በሉ ሁላችሁም ቅረቡ» አለች።

ዲሬክተሩ፣ ረዳቱና ልጅቷ ጠረጴዛውን ከበቡ። አያትየው የልጅ ልጃቸውን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«አይሲ ሊበላሽ ይችላል» አለች መርማሪዋ። «ተበላሽቶ ግን ቁጥሩን አይፍቅም። ስለዚህ ሰው ቀይሮታል። መቼ? ‹ወይም› ያኔ ተሰክታ ቢሆን ኖሮ፣ ረዳቱ በሩን እንደዘጋ መለኪያው ኃይል ያሳየው ነበር፤ አንዱ ይበቃታላ። አላሳየም ብሎናል። እውነቱን ከሆነ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ እስኪገቡ እዚህ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ከገቡ ወዲያ ደግሞ ሁሉም ያይ ነበር። ዋሽቶ ከሆነ ደግሞ፣ ሳይለካ ለካሁ ያለበትን ምክንያት ይንገረን።»

መርማሪዋ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች።

«የቀረችኝ የተነቀለችዋ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን መንገድ ላይ ይጥላታል።» ከኪሷ አንዲት አይሲ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጥጓ ላይ ቀይ ነጥብ አላት። «ከ‹እና›ዎቹ መሳቢያ ውስጥ አገኘኋት፣ ከእህቶቿ ጋር ተሰልፋ። መቆጣጠሪያው ላይ መሆን የነበረባት አይሲ፣ ቁልፉ አንተ አንገት ላይ ባለ መሳቢያ ውስጥ ምን አስገባት?»

ረዳቱ ቀይዋን ነጥብ አፍጥጦ ተመለከታት።

«መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ አይሲ ካየ ሲጮህብኝ ነው የኖረው» አለ በመጨረሻ። «እጄ ራሱ መለሳት። እኔ አላሰብኩትም።»

«ለምን ገደልከው?»

«ጢሜ እስኪሸብት አገለገልኩት። ጡረታ ስወጣ የማስተምረው ክፍል ያንተ ነው ይለኝ ነበር። ትናንት በግድግዳው ሰማሁት፤ ‹ክፍሉን ላንቺ ነው የምሰጥሽ› አላት። ከዚያ ወዲያ ለመስማት አንጀቴ አልቻለም፤ ወጥቼ ሄድኩ።»

«ብትቆይ ምን ነበረበት» አለች ልጅቷ። «እምቢ አልኩት እኮ። ‹የፊውዝ ነው፣ እሱን ዘልዬ አልቀመጥም› ብዬ አለቀስኩበት። ብዙ ተከራክሮ እሺ አለኝ። ዛሬ አዲሶቹ ተማሪዎች ፊት ስምህን ሊጠራ ነበር።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» አላት ረዳቱ።

«በሴት ልጅ ልመና ተሰጠው እንዳይሉህ።»

ፖሊሶች የመሳቢያዎቹን ቁልፍ ከረዳቱ ላይ ሲያወልቁ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ረዳቸው። ይዘውት ወጡ። አያትየው ረዳቱ ያመጣላቸውን ውኃ አዩት፤ ግማሹን ጠጥተውታል። ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አድርገው አራቁት።

ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ... አዲሶቹ ተማሪዎች መምህር ያስፈልጋቸዋል። አንቺ ብትይዣቸው...»

«ቅድም ነፍሰ ገዳይ ነበረች» አሉ አያትየው። «አሁን መምህር ሆነች? ተነሽ፣ ልጄ። ቤታችን እንሂድ።»

ልጅቷ ዲሬክተሩን ቀና ብላም ሳታየው የሥራ ካፖርቷን አውልቃ በርጩማው ላይ አኖረች። አያትየው ስንት ጊዜ የተመኙት ይሄንኑ ነበር፤ ከሽቦ ተላቃ፣ እጇ ሳይቃጠል፣ በሰላም ስትወጣ ማየት። አሁን ሲያዩት ግን ምኞታቸው አፋቸው ውስጥ መረረ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች። መርማሪዋን ያስተማረችባት የመጀመሪያዋ አይሲ ሰሌዳው ላይ ቀርታለች። ተመልሳ ነቀለቻት፣ እግሮቿን በጣቷ አቃናች፣ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻትና መሳቢያዋን ገፍታ ዘጋች።

እጇን ቶሎ አላነሳችም። የሚቆልፈውን ሰው ስትጠብቅ ትመስል ነበር።