ያለ ሰም ወረቀት የተጨመቀው መዝገብ

ጠራዡ ከመጭመቂያው እግር ስር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወረቀት ሲሰፋና ሲያቃና የኖረ ሰው፣ ዛሬ እሱን የሚያቃና ጠፍቶ፣ ሙጫ ያደረቃት ሽርጡን እንደታጠቀ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። ማጅራቱን የመታው መዶሻ ከጎኑ ወድቋል። የራሱ መዶሻ ነው፤ የመጽሐፍ ጀርባ የሚያለሰልስበት።

ጠበቃው ወደ ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት የሚያወርደውን ደረጃ ጨርሶ የጠራዡ ክፍል በር ላይ ቆመ። ከጠዋቱ ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። በፍርድ ቤቱ ግቢ «ኮምጣጤ» ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ዞር ሲል። ደንበኛውን ሳይሰድብ ጉዳይ አይቀበልም፤ ከተቀበለ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ሽቶ የተቀቡት ባልደረቦቹ በዚያች ባረጀች ኮቱ ሲስቁባት ኖረዋል። እነሱ ሞልቶላቸው ነው። የከፋው ሰው ለኮት ጊዜ የለውም።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ጠራዡ ደውሎለት ነበር። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቅ በል። የወንድምህ ነገር ነው። በስልክ አይሆንም» ብሎ ዘጋ።

ወንድሙ! ጠበቃው ስሙን ከጠራ ዘመን የለውም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በእጁ ያሳደገው ታናሽ ወንድሙ መጋዘን አቃጥለሃል ተብሎ ተከሰሰ። እሳቱ በተነሳ ሰዓት ልጁ ከከተማው ማዶ ለእናታቸው መድኃኒት ሲገዛ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ይህንኑ ምላ ቃሏን በጽሑፍ ሰጠች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በችሎቱ ቀን ቃሏ ከመዝገቡ ውስጥ ታጣ። ጠበቃው አንድ ሳምንት ይፈለግልኝ ብሎ ለመነ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሳና፣ «ፍርድ ቤት የጠፋ ወረቀት ሲፈልግ አይውልም» አለ። አብረው ተምረው፣ አብረው ተመርቀው፣ አንደኛነቱን ሲነጣጠቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ወንድምየው ተፈረደበት፤ በሦስተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ ሳንባው አልቆ ሞተ። ከቀብር ማግስት በፍርድ ቤቱ ኮሪደር በሁለቱ መካከል የሆነውን ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ጠበቃው በዚያ ሰበብ ለሁለት ዓመት ከሥራ ታግዶ ነበር።

እና አሁን «የወንድምህ ነገር ነው» ያለው ሰው አፉ ተዘግቶ ተኝቷል።

«አይግቡ ጋሼ» አለ መርማሪ ፖሊሱ። «ነገሩ አልቋል። ገዳይዋ ተይዛለች።»

«ማን ናት?»

«ፅዳቷ። ሰሌዳውን ይዩት።»

ከመጭመቂያው በላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላለች። ጠራዡ ሙጫ የቀባውን መጽሐፍ ብረቱ ስር ባስገባ ቁጥር ያስገባበትን ሰዓት በጠመኔ ይጽፍባታል፤ ሳይደርቅ እንዳይከፈት። «12» ይላል። አንድ ትልቅ መዝገብ እስካሁን ብረቱ ስር ተጨምቆ ይታያል።

«በአሥራ ሁለት ሰዓት መዝገብ ካስገባ፣ እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለ መርማሪው። «ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛው በሙሉ ከግቢ ውጭ፣ የጡረተኛው ዳኛ ሽኝት ላይ ነበር። ግቢ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ጥበቃው ይመሰክራል። ከትናንት ወዲያ አቧራ አስነሳሽብኝ ብሎ ቢቆጣት፣ ሰው እየሰማ 'እጅህ ይቆረጥ' ብላዋለች።»

«በእርግማን ሰው የሚሞት ቢሆን እኔ እስካሁን ግማሹን ከተማ ቀብሬ ነበር።»

ከኋላው ሳቅ ቢጤ ሰማ። ዐቃቤ ሕጉ ነው። ፀጉሩ ተቀብቶ፣ ፋይሉን በግራ ብብቱ ሸጉጦ ደረጃውን ይወርዳል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ማረፊያ ቤት ትወሰዳለች» አለ። «ክሱን እኔ እፈርማለሁ። አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ጠበቃዋ ነኝ።»

«ማን ቀጠረህ?»

«አሁን ራሴን ቀጠርኩ።»

ፅዳቷ በካቴና ታስራ የደረጃው ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ እጇ በሳሙና የተላጠ ሴት ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ መጥረጊያ የያዘው ሰው ይፈለጋል።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለ ጠበቃው ኮስተር ብሎ። «እንባ መልስ አይሆንም። ተናገሪ።»

«ልጄ ፈተና ላይ ናት ጋሼ። አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ።»

ጠበቃው አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መሐረቡን አውጥቶ ጭኗ ላይ ጣለላት፤ አልሰጣትም፣ ጣለላት።

«ማታ እዚህ ክፍል አልገባሽም?»

«አልገባማ! ሙጫው ሳይደርቅ አቧራ ማስነሳት ክልክል ነው። ላይ ያሉትን ፎቆች ጠርጌ ሄድኩ። ይሄን ክፍል ጠዋት ጠዋት ነው የምጠርገው። አንድ ሰዓት ላይ ስገባ... እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ረግመሽዋል አሉ።»

«እሱም ረግሞኛል። ደግሞ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰላም አወረድን፤ ትናንትም በዘጠኝ ሰዓት እንደወትሮው ሰም ወረቀቱን ቆርጬለታለሁ። ያውና፣ የቆረጥኩለት እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።»

ጠበቃው ቀና አለ። «ምንድነው ሰም ወረቀት?»

«ሰም የተነከረ ወረቀት ነዋ። ሽፋኑና የውስጡ ቅጠል መሃል ይገባል፣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። አለዚያ ሙጫው ሰርጎ መጽሐፉን እንደ ጡብ ያደርገዋል። በየመጽሐፉ ልክ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ።»

ጠበቃው ተነስቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሚያብለጨልጩ ወረቀቶች ተደራርበዋል። አንዱን በጣቱ ጫፍ አንስቶ በብረቱ ስር ካለው መዝገብ ጋር ለካው። ልክ ነው። ጎንበስ ብሎ የመዝገቡን ጠርዝ አየ፤ ሽፋኑና ቅጠሉ መሃል ምንም የለም። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ደረጃውን ወጣ።

ለጠራዡ ሥራ የሚልኩለት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ከምድር ቤቱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው፣ ቃላቸው የለሰለሰ፣ ለሁሉም «ልጄ» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ትናንት ጠራዡን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ ልጄ። አሥር ተኩል ላይ ወረድኩ፤ ደህና ነበር። የድሮ መዝገብ ጀርባ በውሃ እያራሰ ሲልጥ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ ሽኝቱ ላይ ነበርኩ፤ ንግግር አድርጌያለሁ፣ ሰው አጨብጭቦልኛል።»

«ከእርስዎ በኋላ የወረደ አለ?»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አገላበጡ። «ሰው ማሳጣት አልወድም። ግን... አቶ ዐቃቤ ሕግ በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ደረጃው ላይ አይቻቸዋለሁ።»

ጠበቃው ወዲያው ተነሳ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ቃል ነበር። ዐቃቤ ሕጉን ኮሪደር ላይ አገኘውና መንገዱን ዘጋበት።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ምድር ቤት ምን ታደርግ ነበር?»

የሰውየው ፊት ቀላ። «መጻሕፍቴን ላስጠርዝ ነበር። አንኳኳሁ፤ ማንም አልከፈተም። ተመለስኩ።»

«ለፖሊስ ነግረሃል?»

«ምን ያደርጋል? እስከ አሥራ ሁለት በሕይወት ነበር።»

«አየህ» አለ ጠበቃው ቀስ ብሎ። «አንተ ዛሬም አትጠይቅም።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ፦ መርማሪው፣ ጥበቃው፣ በካቴና እንደታሰረች ፅዳቷ፣ ኃላፊው፣ ዐቃቤ ሕጉ። አስከሬኑ ተነስቷል። ጠበቃው መጭመቂያውን ተደግፎ ቆመ።

«ሰሌዳው ይዋሻል» ብሎ ጀመረ። «ጠራዡ ሰም ወረቀት ሳያስገባ መጽሐፍ አይጨምቅም፤ ሠላሳ ዓመት አድርጎት አያውቅም። ይሄ መዝገብ ሰም ወረቀት የለውም። ተቆርጦ የተዘጋጀለት ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ መዝገቡን ያስገባው ጠራዡ አይደለም። ጠራዡ ያኔ ሞቷል። አሥራ ሁለት ብሎ የጻፈው ገዳዩ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰው መሃል እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው።»

መርማሪው ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ወረቀቶቹን አየ። «ታዲያ እሷስ?»

«እሷ? ወረቀቱን የምትቆርጠው ራሷ ናት። ለማስመሰል ብታስገባ ኖሮ ሌላው ቢቀር እሱን አትረሳም። ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻዋን ግቢ ውስጥ የምትቀር ሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ብላ ትጽፋለች? የራሷን ገመድ መግመድ አይሆንም?»

«እንግዲህ...» አሉ ኃላፊው ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ ዓይናቸው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ሸርተት አለ። የሁሉም ዓይን ተከተለ። ከአሥር ተኩል በኋላ የወረደው እሱ ነው። መውረዱን ደብቆ የዋለውም እሱ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ብብቱ ውስጥ አጠበቀ። ጠበቃው አየው። እሱን ለማሳሰር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃ ነበር። እሷንም መናገር አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ብቻ። ወንድሙ ያረፈበት የእስር ቤት ፍራሽ፣ ያ ደም የተፋበት ጨርቅ ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

«ና» አለው በመጨረሻ። «ይሄን ብረት ፍታው።»

የመጭመቂያው ብሎን አናት ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት ተሰክቷል፤ በሁለት እጅ ተይዞ ነው የሚዞረው። ዐቃቤ ሕጉ በግራው ያዘ፤ ቀኙን ጨመረ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንሸራተተች።

«ይሄ እጅ ከብዕር የከበደ ነገር ይዞ አያውቅም፤ ብዕሩንም ትቶታል፤ በግራው ነው የሚጽፈው» አለ ጠበቃው። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንጓውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አይጠገንም ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ይሄን ብረት እንዲህ ያጠበቀው እሱ አይደለም።»

መርማሪው ሄዶ በሁለት እጁ ታግሎ ብረቱን ፈታው።

«እዚህ ክፍል ትናንት የወረዱት ሦስት ናቸው» ጠበቃው ቀጠለ። «እሷ ወጥታለች። እሱም ወጥቷል። ጋሽዬ፣ ማን ቀረ?»

«ልጄ፣ እኔ ምን በወጣኝ...»

«ልጅዎ አይደለሁም።» ከጠረጴዛው ቢላዋ አነሳ። «ጠራዦች የተበላሸ ወረቀት አይጥሉም። ከጀርባ ማጠንከሪያ ያደርጉታል፤ ከጨርቁ ስር ይለጥፉታል። እርስዎ ደግሞ የተበላሸ ወረቀት በየወሩ በከረጢት ይልኩለታል። ትናንት ይሄን የድሮ መዝገብ ሲልጥ ከጀርባው አንድ ነገር አገኘ። ደወለልኝ። ደንብ አክባሪ ሰው ስለሆነ ደግሞ፣ የመዝገብ ቅጠል ነውና ለኃላፊውም ነገረ። ያቺ ደንብ አክባሪነቱ ናት ያስገደለችው።»

«ታዲያ ወረቀቱን ለምን ቀድዶ አልወሰደውም?» አለ መርማሪው።

«ጠራዡን እንደገደለ በር ተንኳኳ። እሱ ነበር ያንኳኳው» ብሎ ዐቃቤ ሕጉን በአገጩ ጠቆመ። «ሲመለስ ደረጃው ላይ ያየውም በበሩ ስንጥቅ ነው። ሽኝቱም ደርሷል። ከሬሳ ጎን የተቀደደ መዝገብ ጥያቄ ያመጣል፤ ተጠርዞ የተቀመጠ መዝገብ ግን ማንም አይጠይቅበትም። ነገ ከነገ ወዲያ በደንቡ መሠረት ወደ ገዛ መዝገብ ቤቱ ይመለስለታል። ኃላፊው መጽሐፍ ሲጠረዝ ሺህ ጊዜ አይቷል። ቀባ፣ ጨርቅ አለበሰ፣ ጨመቀ። ሰም ወረቀቱን ግን አላስተዋለም። ትላልቅ ሰዎች ፅዳት የምትሠራውን ሥራ አያዩም።»

አዲሱን የጀርባ ጨርቅ በቢላዋው ሰንጥቆ ገለጠው። ከስሩ በሙጫ የወየበ፣ በግማሽ የተላጠ ወረቀት ታየ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት የእጅ ጽሑፍ ነው። ከግርጌው የመዝገብ ቤቱ «ተረክቤያለሁ» ማኅተምና ፊርማ አለ። ጠበቃው ሊያነበው ሞከረ፤ አቃተውና ለመርማሪው አሳየው።

ሽማግሌው እዚያ ካለ አንድ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ሆን ብዬ አልነበረም» አሉ። «ከተበላሹት ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። በችሎቱ ማግስት ትዝ አለኝ። ጠፋብኝ ብል እባረር ነበር። አራት ልጆች ነበሩኝ። ትናንት፣ 'እባክህ ስድስት ወር ቀርቶኛል' ብዬ ለመንኩት። 'ሰውዬው እስር ቤት የሞተው እኮ በዚህ ነው' አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ሦስት ዓመት» አለ ጠበቃው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ሦስት ዓመት በሕይወት ነበር። በየትኛዋም ቀን አፍዎን ቢከፍቱ ይወጣ ነበር። በኮሪደር ሲያገኙኝ 'እግዜር ያጽናህ ልጄ' ይሉኝ ነበር።»

መርማሪው ካቴናውን ከፅዳቷ እጅ ፈትቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አንቺ ወደ ቤትሽ» አላት ጠበቃው። «መሐረቤን አጥበሽ መልሺ። ደግሞ ሁለተኛ ሰው እጅ ይቆረጥ እንዳትይ፤ ሥራዬን ታበዥብኛለሽ።»

እሷ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ደረጃውን ወጣች።

ሁለቱ የድሮ ጓደኞች ብቻቸውን ቀሩ። ዐቃቤ ሕጉ የሰባራ እጁን አንጓ ያሻሻል።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ወረቀቱ መኖሩን በእውነት አላውቅም ነበር።»

«አለማወቅህንማ አወቅሁ። አንድ ሳምንት ለመንኩህ፤ ከለከልከኝ። ማወቅ አልፈለግህም። ዛሬ ጠዋትም ሴትዮዋ ላይ ክስ ልትፈርም ነበር።»

«ለምን አዳንከኝ ታዲያ?»

«አላዳንኩህም። አልዋሸሁም፣ ያ ብቻ ነው። ይቅር ብሎኛል ብለህ ደግሞ እንዳትሄድ።»

ከኪሱ ባዶ ወረቀት አወጣና ቆሞ ጻፈበት፦ የሟች ወንድሙ መዝገብ እንደገና እንዲከፈት፣ በስሙ ላይ ያለው ፍርድ እንዲሰረዝ፣ ዐቃቤ ሕግም ተቃውሞ እንደሌለው። ወረቀቱን በጠራዡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ፈርም።»

ዐቃቤ ሕጉ ብዕሩን በግራ እጁ ያዘ። ወረቀቱ እየተንሸራተተ አስቸገረው፤ በቀኙ ደግፎ የሚያቆምበት አቅም የለውም። ጠበቃው ለአፍታ ሲታገል አየው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የወረቀቱን ጠርዝ በመዳፉ ተጫነለት።

«ቶሎ በል» አለው። «አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል።»