ለእሳት የተፈረደ ዘር

ሰራዊት ጆንያውን ባጃጁ ውስጥ አስቀምጦ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠችው የሻረግ ዞራ አላየችውም። አሶሳ ገበያ ዓይን ይበዛበታል።

«ዘሩ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው፣ ቀበሮ። ቶሎ አድርሺው።»

ለወርቅ ኩባንያው የመጋዘን ሠራተኛ ናት። በስውር ላሰማራት የመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት ግን «ቀበሮ»፤ አለቃዋ ሰራዊት ደግሞ «ዋርካ»። የኩባንያው ዝቃጭ የገበሬውን አፈር በሜርኩሪና በእርሳስ በክሎታል። ኩባንያው «መሬቱ ሞቷል፣ ልቀቁልን» ይላል፤ ከሥሩ ወርቅ አለና። ተመራማሪው ኪዳኔ ግን የማሽላ ዘር በሲሊከን ውሃ ዘፍዝፎ አደረቀ። እንዲህ የታከመ ዘር ቡቃያው መርዙን ይቋቋማል። ዛሬ በሽማግሌዎች ፊት ይዘራል። ካልበቀለ ገበሬው ከመሬቱ ይነሳል።

ከከተማ እንደወጡ አንዲት ፍሬ አንስታ ነከሰች።

ቀጭ አለች።

ታምሷል። ቆሎ ነው!

ዋርካ ከድቷታል።

ጧት መጋዘን የገባው ጆንያ ትዝ አላት። «ይቃጠል» ተብሏል።

«አዙረው!» አለችው ባለባጃጁን።

መጋዘኑ ጭር ብሏል። እውነተኛውን ጆንያ አቅፋ ስትዞር ሰራዊት በሩን ሞልቶ ቆሟል። ሽጉጥ ይዟል።

«አስቀምጪው።»

«አንተም ለእነሱ አደርክ?»

«ሞኝ አትሁኚ። ለእፍኝ ማሽላ ትሞቻለሽ?»

«እሞታለሁ።»

ከጎኗ ካለው የኖራ ከረጢት ዘግና ዓይኑ ላይ በተነችው። እየጮኸ ሲንበረከክ ዘላው ወጣች። በሩን ዘግታ ቆለፈችበት።

ተኮሰ።

ቆርቆሮውን የበሳው ጥይት የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ይዞ ሄደ።

«ምንድን ነው?» አለ ዘበኛው እየሮጠ።

«ሌባ ቆልፌበታለሁ። እንዳትከፍትለት!» ብላው እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ባጃጁ ሮጠች።

ማሳው ዳር ዓፊያ መንገዱን ዘጋችባት። ከበርታ ገበሬዎች ሁሉ ኩባንያውን አምርራ የምትጠላ አሮጊት ናት፤ አማርኛዋ ስብርብር ነው።

«አንተ ኩባንያ ሰው ነው። ምን ፈልጎ መጣ?»

«ዘራችሁን አመጣሁ፣ እናቴ።»

«ኩባንያ መሬት ሞተ ብሎ ነበር።»

«ዋሽተዋል። ታሟል እንጂ አልሞተም። ዝሩትና አሳፍሯቸው!»

ዓፊያ ከነጠላዋ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ደም አየች። ከዚያ ጆንያውን ተቀበለቻት።

«ወላሂ ይዘራል!» ብላ ወደ ሽማግሌዎቹ ጮኸች።

የሻረግ እስኪጨርሱ አልቆየችም።

ዝናቡ ሲገፋ፣ ሩቅ ቡለን ከተማ ውስጥ በአንዲት ጨርቅ ቤት ከአሶሳ የመጣ ነጋዴ ወሬ ያወራል።

«ለማወዳደሪያ ጎኑ የተዘራው ያልታከመ ማሽላ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። የታከመው ለምለም ነው፣ ያስቀናል! ገበሬውም አንነሳም ብሎ እዚያው ተቀመጠ። ያቺ የኩባንያው ሌባ ግን እንደጠፋች ቀረች። መንግሥትም አላውቃትም አለ አሉ።»

«ምን ሰርቃ?» አለች ባለሱቋ።

«እንጃ። ወርቅ ይሆናላ!»

ባለሱቋ ስታስበው ሳቋ መጣ። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ መቀሱን በግራዋ አነሳች።

«ስንት ሜትር ልቁረጥልዎ?»