የአቶ ይሄነው ክብሪት

አቶ ይሄነው ዳንግላ በሚገኘው መጽሐፍ ቤታቸው ወለል ላይ፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ ሞተው የተገኙት በማለዳ ነው። ያገኛቸው አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ መሳፍንት ነበር። የአንድ ካታሎግ ሽፋን ተገንጥሎ በእጃቸው ቀርቷል፤ ካታሎጉ ከእግራቸው ሥር ወድቋል፤ አንድ ገጹም ተቀድዶ ጠፍቷል።

ኢንስፔክተር ካሳነሽ መደርደሪያዎቹን ቃኘች። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍትና መጽሐፍ ነጋዴዎች ስለ ጥንት ሳንቲሞች፣ ስለ ቁፋሮና ስለ ጥንታዊ ታሪክ ያወጧቸውን የድሮ ካታሎጎች ሲሰበስቡ ነው። የማይገዙትን ዕቃ ዝርዝር ያከማቻሉ እያለ ከተማው ይቀልድባቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ክብሪት ተቀምጧል።

«ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

«ኧረ! ሻማ እንኳ እዚህ አያስገቡም» አለ መሳፍንት እንባውን እየጠረገ። «ትናንት ‹አፍሮ የሚመጣ እንግዳ አለኝ፤ እንዳያይህ ውጣልኝ› አሉኝና አዘና ከተማ ሄጄ አደርሁ።»

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ወዲያው እንዳልሞቱ፣ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ እንደነበር ተናገረ። ካሳነሽ ፊቷ ጠቆረ።

«እሪ እንዳትል» አለችው መሳፍንትን። «እዚህ ቤት ለሚመላለሱት ሁለት ወዳጆቻቸው ‹ታመዋል፣ ይምጡ› ብለህ ላክ።»

መርዶ መቼም የሚነገረው እንዲሁ ነውና መሳፍንት አልገረመውም። አስከሬኑ በጓሮ በር ወጣ።

መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቱ ባለሱቅ ሸዕባን ነው፤ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል።

«ጋሼ ይሄነው ምን ነካቸው? ትናንት ክብሪት ሲገዙኝ ደኅና ነበሩ እኮ! ‹ለመጽሐፍ ቤት እሳት?› ብዬ ስስቅባቸው ‹አንድ ወረቀት የሚያቃጥል እንግዳ አለኝ› አሉኝ።»

ከዚያ መምህር ፀጋው ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ከባጃጅ ወረዱ። ካሳነሽን ጨምሮ ግማሹን ከተማ ታሪክ ያስተማሩ ናቸው። ከአባታቸው ማሳ አወጣሁት ያሉትን የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ለትምህርት ቤቱ ካበረከቱ ወዲህማ ስማቸው በክብር ነው የሚነሣው።

«ይሄነውን ምን አገኘው?» አሉ።

ካሳነሽ ሦስቱንም መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠች። «ጋሼ ይሄነው ሞተዋል።»

ሸዕባን ብርቱካኑ ከእጁ ወደቀ። መምህሩ አልተንቀሳቀሱም።

«ካታሎጉን ከመሰላሉ ላይ ሲያወርዱ አንድ ሰው ከታች ጎተተው፤ ሽፋኑ በእጃቸው የቀረው ለዚህ ነው። ከቤቱ የጠፋው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ወራሽ ገጽ አይቀድድም፤ ገጽ የሚቀድደው ገጹ የሚያዋርደው ሰው ነው። ሸዕባን በሽተኛ ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ መጣ። መምህር፣ እርስዎም የሰሙት ‹ታመዋል› የሚለውን ነው። ነጠላዎን ግን ለሐዘን አዘቅዝቀው መጡ።»

የመምህሩ እጅ ወደ ጥለቱ ሄደ።

«ሳላስበው ነው» አሉ። «ወዳጄ አይደለም እንዴ!»

ከኪሳቸው የታጠፈ ገጽ አወጡ። ቀድደውታል እንጂ ሊያጠፉት አልቻሉም። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው፣ ጠርዙ የተሸረፈ የወርቅ ሳንቲም ከነሥዕሉ አለበት። ሳንቲሙ ከብዙ ዘመን በፊት ባሕር ማዶ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር።

«እዚያው ባሕር ማዶ ስማር ገዛሁት። ከአባቴ ማሳ ወጣ ብል አገሬን ያኮራሁ መሰለኝ። ይሄነው ‹ሳንቲምህን ካታሎግ ላይ አገኘሁት፣ ና› ሲለኝ ሊያጋልጠኝ ነው አልሁ። ጎተትሁት፤ ወደቀ።»

«ሲያቃስቱ ጥለዋቸው ሄዱ?»

«ሰው ብጠራ… ምን ልትሠራ መጣህ ይሉኛል ብዬ።»

ካሳነሽ በመምህሯ ፈንታ አፍራ አቀረቀረች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ክብሪቱን አንሥታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«ጋሼ ይሄነው ሻማ በማያስገቡበት ክፍል ይህን አመጡ። ለእርስዎ ነበር፤ ገጹን በገዛ እጅዎ እንዲያቃጥሉት።»

መምህሩ ክብሪቱን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።