የአራተኛው ጉድጓድ ውጤት

እናቷ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። የውኃ ናሙና ወሳጇ በነዚህ ወራት አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም። እህቷ በየማታው ደውላ «ዛሬስ?» ትላታለች። «ዛሬም ምንም» ብላ ትመልሳለች፤ የአየር ጠባይ የምትናገር ነው የሚመስለው።

ሥራው ተስማምቷታል። በተዘጋው የነዳጅ ማከማቻ ግቢ አራት ቀጫጭን የመከታተያ ጉድጓዶች አሉ፤ ነዳጅ ወደ ምድር ሰርጎ እንደሆነ የሚታወቀው ከነሱ በሚቀዳ ውኃ ነው። ታዲያ እንደደረሱ አይቀዳም። የቆመው ውኃ በፓምፕ ተስቦ ይደፋል፤ መለኪያው ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር እስኪሰጥ ይጠበቃል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ቁጥር ማየት ነው። ምንም ለማይሰማው ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይገኛል?

አራተኛው ጉድጓድ አጥሩ ጥግ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የግቢው ጠባቂ ከአባቱ ጋር ይኖራል፤ የሚጠጡትም ከጓሯቸው ጉድጓድ ነው። አራተኛው ተበክሎ ከተገኘ የነሱም ይታሸጋል፣ ቤቱንም ይለቃሉ። ጠባቂው ይህን እያወቀ፣ በመጣች ቁጥር ወንበር አምጥቶላት ከጎኗ ይቆማል።

«እርስዎ ግን አይሰለችዎትም?» አላት አንድ ቀን።

«አይሰለቸኝም። አንተስ?»

«እኔማ የምጠብቀው ባዶ ግቢ ነው። ሌባ እንኳ ንቆናል።»

ፈገግ አለች። ከንፈሯ በራሱ ጊዜ ያደረገው ነው፤ እሷ አላዘዘችውም።

በሌላ ቀን ነፋስ ነበር። የናሙናው ጠርሙስ ክዳን ከእጇ ሲያመልጥ ጠባቂው ከአየር ላይ ቀለበው። ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ነካ፤ ሙቀቱ በጓንቷ ውስጥ አልፎ ተሰማት። በስምንት ወር ውስጥ ደስ ያላት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጠርሙሱን ከደነችና በረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ አራተኛው ጉድጓድ ነዳጅ ተገኝቶበታል። ቢሮው የማሸጊያውን ደብዳቤ ማርቀቅ ሲጀምር አንድ ነገር ትዝ አላትና ክው አለች። ጠባቂው ክዳኑን ከመቅለቡ በፊት ለፓምፑ ጄኔሬተር ቤንዚን ሲሞላላት ነበር፤ ያውም በባዶ እጁ፤ ነዳጁ ወደ ናሙናው የገባው ከጣቱ ሊሆን ይችላል። የምትቀይርበት ትርፍ ክዳን ደግሞ ኪሷ ውስጥ ነበራት።

ሄዳ ለአለቃዋ ተናገረች።

«ጀማሪ የማይሠራውን ስህተት!» አሉ አለቃው። «ምን ነካሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር።»

አለቃው ብዙ ሰበብ ሰምተዋል፤ ይኼኛውን ግን የትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞሉት ግራ ገባቸው። ማስጠንቀቂያ ጻፉባትና ናሙናው እንደገና እንዲወሰድ አዘዙ።

ለጠባቂው ስትነግረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አሥር እርምጃ ራቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነዋ!» አለ። ፊቱ ግን በርቶ ነበር። «የኔ ከሆነ ውኃችን ደህና ነው ማለት ነው።»

አባቱ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። የሱ እጅ እንዲሆን እሷም ተመኘች። አንድ ነገር መመኘት መቻሏ ራሱ አስገረማት።

ሁለተኛው ውጤት መጣ። ነዳጁ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ብሷል።

ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ቢሮው ነበረው። ከእጁ ተቀብላ ራሷ ይዛው ሄደች። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ኩባያ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል።

«አባባ፣ የልጅዎ እጅ አይደለም። ውኃው ነው። ሳምንት ጊዜ ተሰጥቷችኋል።»

ሽማግሌው በኩባያ የያዙትን ውኃ እግሯን እንዳይረጫት ተጠንቅቀው ደፉት።

«ሳምንት ሙሉ ምን ልጠጣ ነው?» አሉና ዕቃ ሊሰበስቡ ገቡ።

«ምነው የኔ እጅ በሆነ» አለ ጠባቂው።

«አይዞህ» ልትለው ነበር፤ ለሷ ስንት ጊዜ ተብሎ ምንም እንዳልፈየደላት አስታውሳ ተወችው።

«አሁን ማልቀስ ነበረብኝ» አለች። «እንባዬ እምቢ አለኝ። እንዳትቀየመኝ።»

«ማን አልቅሺ አለሽ?»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«የት ልትሄዱ ነው?» አለችው ቆይታ።

«እህቴ ጋ። ሁለት አውቶቡስ ነው።»

«ስንት ቁጥር?»

«ለናሙና ከሆነ እዚያ የቧንቧ ውኃ ነው።»

«ለናሙና አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ውስጧ ደስታ የለም፣ ሐዘንም የለም። ከዚህ ሰው መለየት እንደማትፈልግ ግን እርግጠኛ ነበረች።

«አሥራ ሰባት» አለ በቀስታ። «መጨረሻው ላይ ትወርጂና ዘጠኝ ቁጥር ትይዣለሽ።»

ከውስጥ ሽማግሌው «አልጋውን የሚይዝልኝ ሰው የለም?» ብለው ተጣሩ። ቀድማው ገባችና ራስጌውን ያዘች፤ እሱ ግርጌውን አነሣ። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«ውኃዬን ወሰድሽብኝ» አሉ። «አሁን ደግሞ ልጄን ልትወስጂ ነው?»

«ከፈቀዱልኝ።»

ጠባቂው አልጋውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ።

«እንግዲህ ቀስ በሉ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ለቀውት የሚሄዱትን በር በመዳፋቸው ደግፈው እየያዙ። «በሩን እንዳትገጩት።»