ሬዲዮ የዘጋችው ስልክ

«ሄሎ... እ... እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ናት...»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ዴስክ ላይ ቆማ፣ ማስመሪያዋን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ አፍራ እንደምትሽኮረመም ልጅ አንገቷን ሰብራለች። ሬዲዮ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ድምፅ ቁጭ ነው የምታደርገው። የርዕሰ መምህሩን ንግግር በሉት፣ የጥበቃውን ሳል በሉት፣ ምኑ ይቀራታል! ዛሬ ግን ሙድ የተያዘበት ሌላ ሰው ነው። የሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ወጣቶች ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የሚጠይቁበት ነፃ ስልክ፤ ስም አይጠየቅም፤ ምስጢር ይጠበቃል። ሬዲዮና ጓደኞቿ ትናንት በምሳ ሰዓት የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ደውለውበት ነበር።

«ጓደኛዬን... እዚያ ቦታ ያሳክካታል። ፈሳሽም አላት። በሽታ ይሆን?» አለች ሬዲዮ ዓይኗን እያንከባለለች። ወዲያው ድምፅዋን ለወጠችና ስልኩን ያነሳችው አማካሪ ሆነች፤ ለስለስ ያለ፣ ጎርነን የሚል ድምፅ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እንኳን ጠየቅሽ። ብቻ ጓደኛሽ በምንም ዓይነት ማድረግ የሌለባት አንድ ነገር አለ...»

«ከዚያስ? ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቄ አመለጠኝ፤ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት!»

ዴስኩ ተደበደበ። «ነገም ድገሚያት! ክፍል ሁለት!» እያሉ ጮኹ። ሬዲዮም ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ እጅ ነስታ ከዴስኩ ወረደች።

«ምን ልትል ነበር?»

የጠየቀችው ጭምት ናት። ጭምት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሬዲዮ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ አስተማሪ ካልጠራት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነች። የትናንቱን ጥያቄ ያቀበለችውም እሷ ነበረች፤ «እንዲህ በያት፣ ያስቃል» ብላ። ሬዲዮ ያኔ «ለካ አንቺም ቀልድ ታውቂያለሽ!» ብላ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋታለች።

«እኔ ምን አውቄ? ዘጋሁት አልኩሽ እኮ» አለቻት።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጭምት ወደ ኋላ ቀረች። የቆሰለ ነገር እንዳለባት ሁሉ እየተጠነቀቀች ነበር የምትራመደው። ሌሎቹ ሲርቁ የሬዲዮን ክንድ ያዘች።

«በናትሽ እንደገና ደውዪላት። ለሳቅ። አሁን ደግሞ... ልጅቷ በልብስ ሳሙና ነው የምትታጠበው በያት። ትናንት ማታ ውሃው ላይ በረኪናም ጠብ አድርጋበታለች። ከዚያ ባሰባት። በጣም ያቃጥላታል። ያስቃል አይደል?»

ሬዲዮ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። ጭምት ጫማዋን ጫማዋን ታያለች።

የሬዲዮ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። ዴስክ ላይ ወጥታ ክፍሉን ሙሉ ያሳቀችው በጓደኛዋ ገመና ነው። ያውም ባለቤቷ ቁጭ ብላ እያየች። «እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ናት» ስትል ለካ እውነቷን ነበር። አማካሪዋ ልትናገር የነበረችውን ቃል ደግሞ በገዛ ጣቷ ቆርጣዋለች፤ በረኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ለእናትሽ አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? ከወንድ ጋር ሆነሽ ነው ብትለኝስ? እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም! እውነቴን ነው፣ እግዚአብሔርን...»

«አትማዪ» አለች ሬዲዮ። «ለኔ አትማዪ። ነይ።»

የሬዲዮ አክስት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ውስጥ ደንበኞች የሚለኩበት፣ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ አለ። ሲደርሱ አክስት ያለቀ ቀሚስ አጣጥፋ ለማድረስ እየወጣች ነበር።

«ጎሽ መጣችሁ፣ ሱቁን ጠብቁልኝ። የስፌት መኪናዬን ግን እንዳትነኩ፤ ክሩ አልቋል።»

መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ሬዲዮ ቁጥሩን ነካክታ «የምታነሳው ሌላ ሰው በሆነች» ብላ ተመኘች። አልሆነላትም።

«ሄሎ፣ አይዞሽ፣ እየሰማሁሽ ነው።» ያው ጎርነን ያለ ድምፅ። ክፍል ውስጥ ያሳቀው «አይዞሽ» እዚህ ምንም አያስቅም።

ሬዲዮ በየትኛው ድምፅ እንደምታወራ ግራ ገባት። በመጨረሻ በራሷ አወራች፤ ቅጥን ብሎ የሌላ ሰው መሰላት።

«ትናንት ስቄ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

«አወቅኩሽ» አለች አማካሪዋ። «እየሳቀ የሚደውል ብዙ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን የቀልድ አልመሰለኝም፤ ሲከነክነኝ ነው ያደረው። ጓደኛሽ ደህና ናት?»

ሬዲዮ ቁጣ ነበር የጠበቀችው። ብትቆጣት በተሻላት።

«አይደለችም። በልብስ ሳሙና ታጥባ... በረኪናም አድርጋበት...»

«ትናንት ልነግርሽ የነበረው እሱን ነው። አሁኑኑ ታቁም። ንጹህ ውሃ ብቻ፣ እሱም ከላይ ከላዩን። ማሳከኩ ብዙ ሴቶችን ያጋጥማል፤ ከማንም ጋር ያልሆነችንም ልጅ ያጋጥማታል። መድኃኒት አለው። የተቃጠለውንም ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። አጠገብሽ ካለች ላነጋግራት?»

ጭምት የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ታለቅሳለች። ሬዲዮ ስልኩን ዘረጋችላት። ጭምት ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ሄሎ... ጓደኛዬ ሳትሆን፣ እኔ ነኝ።»

ሬዲዮ ከመጋረጃው ወጣች። መጋረጃው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። የጭምት የሚቆራረጥ ድምፅ፣ በየመሃሉ የሚመጣው ሳግ። የሬዲዮ ጆሮ ደግሞ አመሉ ነው፤ ሳታዘው መቅዳት ጀምሯል። ነገ «ክፍል ሁለት» የሚሏትን ልጆች አሰበች። አንድ ቃል ከሰማች ዕድሜ ልኳን እንደማይጠፋት ታውቃለች።

የአክስቷ ስፌት መኪና ፊት ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ተንደቀደቀ። የመጋረጃው ውስጥ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አፈጠነችው።

«አንቺ ልጅ!» አክስቷ በሩ ላይ ቆማለች። «ክር የለውም አላልኩሽም? ምን ልትሰፊ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያንደቀድቅሻል? ጓደኛሽስ?»

ሬዲዮ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አክስቴ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። በኋላ የፈለግሽውን ተቆጪኝ።»

አክስቷ እሷን አየች፤ መጋረጃውን አየች። ከዚያ ዱካ ስባ በሩ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

ሬዲዮ መርገጧን ቀጠለች። ክር የሌለው መርፌ ጨርቁ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጆሮዋ ውስጥ ከሱ ሌላ ምንም አይገባም።