በእጄ የጨመርኩት አንድ ሰው

ስህተቱ የኔ ነው። ሴንሰሩ ያልቆጠረውን አንድ ሰው በእጄ ጽፌ ጨመርኩ።

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ከሆነ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀኑ። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ለማሳመን ጊዜ የለኝም። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ምናምን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። በጠራራ ፀሐይ።

የምሠራው በከተማው የትራፊክ መረጃ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ መንገድ ሲሰፋ እግረኛ በላይ እንዳያቋርጥ በአጥር ተዘጋና ከሥሩ መሿለኪያ ተሠራ። ስልሳ ሜትር ነው። ቀጥ ያለ። በምሥራቅ አንድ አፍ፣ በምዕራብ አንድ አፍ፤ ሌላ መውጫ የለውም።

በሁለቱም አፍ ላይ ሴንሰር አለ። ምስል አይቀርጽም። ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ... እሱን ብቻ ይቆጥራል።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መሿለኪያው ለጽዳት ለግማሽ ሰዓት ይዘጋል። ጥበቃዎቹ የብረት በሩን ያወርዱታል፤ ውስጥ የቀረ ሰው በብረት በሩ ላይ ባለችው ትንሽ በር ይወጣል። ያኔ የገባና የወጣ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ የኔ ስክሪን ቀይ ያበራል፣ ሪፖርቱም አይሄድም።

ታዲያ አንዳንድ ቀን አንድ ሰው ይጎድል ነበር።

4,212 ገባ። 4,211 ወጣ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቴክኒሻኑን ላክሁት። ከቅጥነቱ የተነሳ ሁላችንም ሽቦ ነው የምንለው። ከጫፍ ጫፍ ሄዶ ውስጡ ባዶ እንደሆነ፣ ሴንሰሮቹም ምንም እንዳልሆኑ ነገረኝ። ለአለቃችን ነገርኩት። አለቃችን ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ለአንድ ሰው ብዬ የከተማውን ሪፖርት እንዳላጓትት፣ "ማስተካከያ" የሚለው ቦታ የተሠራው ለዚሁ እንደሆነ አስረዳኝ።

አስተካከልኩ። "የወጣ" ከሚለው ሥር አንድ ጨመርኩ። አረንጓዴ በራ።

በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ሽቦ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ "አንቺማ ሰው መውለድ ጀምረሻል" አለኝ።

ሳቅን።

አባቴ መሿለኪያውን አይወደውም ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ ዓመት ፍሪሲዮን ሲረግጥ ግራ ጉልበቱ አልቋል፤ ሲነሳ በእጁ ይደግፈዋል፣ ሲሄድ ያነክሳል። ሰውን በቁሙ ከመሬት በታች ምን አስገባው እያለ ያማርራል። በዚያ ጉልበቱ አጥር ሊዘል ነው ወይ ብዬ ተቆጥቼ፣ በመሿለኪያው እንዲሄድ ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

እኔን ችኩሌ ነው የሚለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከቤት ስወጣ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ "ችኩሌ፣ ጫማሽን እሰሪ።" ክር የሌለው ጫማ ባደርግም ይለኛል።

ሐሙስ ዕለት የምሥራቁ በር ሊወርድ ሲል አንድ ሰው ገባ።

ስክሪኔ ላይ እንዲህ ይላል። ውስጥ ያለ ሰው፦ 1።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው።

"ችኩሌ..."

"ሥራ ላይ ነኝ አባዬ። ቶሎ በል።"

"ይሄ ዋሻችሁ... ዛሬ ረዘመብኝ።"

"ስልሳ ሜትር ነው እኮ።"

"እሱማ..."

እርምጃው ይሰማኛል። አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ጎተት። ከኋላው ደግሞ ሌላ እርምጃ... የብዙ ሰው።

"መውጫው ይታየኛል። ግን እየሄድኩ..."

ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም።

አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሽቦን ላክሁት። በምሥራቅ ገብቶ በምዕራብ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ። ሴንሰሩ በትክክል ይሠራል።

ውስጥ ያለ ሰው፦ 1።

"ማንም የለም" አለኝ በስልክ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

"በደንብ እይ።"

"ምኑን ልይልሽ? ግድግዳ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ሆነ። በሩ መከፈት አለበት። በሁለቱም በኩል ሰው ተሰልፏል፣ አለቃችን ራሴ ላይ ቆሟል፣ ቀዩ ይበራል። ያንኑ የዱሮውን ደገመልኝ። ሴንሰሩ ስቶት ነው፣ አባቴ እስካሁን ቤት ደርሷል ብዬ አሰብኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ... አላሰብኩም። እጄ ለምዶ ነው።

አንድ ጨመርኩ።

አረንጓዴ በራ።

ሽቦ ስልኩን አልዘጋውም ነበር።

"ወጣ..."

"ማን?"

"አባትሽ።"

"ከየት?"

"ከዚሁ... አሁን እኔ ካለፍኩበት።"

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ስልኩ እንደጠፋበት ነገረኝ። ሁልጊዜ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምረው ሰውዬ ያለ ስኳር ይጠጣል። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትለምነው የኖረችውን አንድ ዋሻ በግማሽ ሰዓት አስተወው ብላ ቀለደች።

ከዚያ ሊተኛ ተነሳ።

ያነከሰው በቀኝ እግሩ ነው።

አርብ ጠዋት የጫማዬን ክር ሆን ብዬ ፈትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አየኝ። እግሬንም አየ።

ምንም አላለኝም።

አርብ ማታ እናቴ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ... እንዳትስቂብኝ።"

"ንገሪኝ።"

"እኔ ሳሎን ስገባ አባትሽ ይወጣል። ስወጣ ይገባል። ጓዳም፣ መኝታ ቤትም... ከትናንት ጀምሮ ሁልጊዜ። አንዴም አልሳተም።"

አልሳቅሁባትም። እኔ ይህንን ሒሳብ አውቀዋለሁ። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል።

ሌሊቱን እኔ ጋ አደረች።

ቅዳሜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ሳሎን ተቀምጫለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ ከፍቼ የሐሙስን መዝገብ አያለሁ። በሩ ሊወርድ ሲል ሴንሰሩ ራሱ የመዘገበው፦ ገባ 1፣ ወጣ 0። ከሥሩ በእጅ የተጨመረ፦ ወጣ 1። አጠገቡ የኔ ስም።

እናቴ ዕቃ ልትገዛ ወጣች። በሩን እንደዘጋችው አባቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ስልኬ ጮኸ።

"አባዬ" ይላል።

እጆቹን አየሁ። ባዶ ናቸው።

አነሳሁት። እርምጃ ይሰማል። አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ጎተት...

"ችኩሌ..."

"አባዬ?" አልኩ በሹክሹክታ። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም።

"አልደረስኩም። መውጫው ይታየኛል..."

"ማን አለ አብሮህ?"

"ሰዎች አሉ። አሥራ ሦስት ናቸው። እነሱም እየሄዱ ነው።"

"ሁለት ቀን ሙሉ የት..."

"ምን ሁለት ቀን? አሁን ገባሁ እኮ።"

ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ብዙ ጊዜ መልሼ አስቤዋለሁ። እናቴን መጠበቅ እችል ነበር። ሽቦ ጋ መደወል እችል ነበር። ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ መጠየቅ እችል ነበር።

ግን ሒሳቡ ቀላል መሰለኝ። አባቴ የሚወጣበትን ቦታ እኔ የጻፍኩት ቁጥር ይዞበታል። ቁጥሩ ከተነሳ ቦታው ይለቀቃል፤ አባቴ ይወጣል።

መስመሩን መረጥኩ። "ሰርዝ" የሚለውን ነካሁ።

ሲስተሙ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ።

አዎ አልኩ።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ውስጥ ያለ ሰው፦ 1።

ጠበቅሁ። አንድ ወጣ እስኪለኝ ቁጥሩ ላይ አፈጠጥኩ። አልተነቃነቀም።

ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ተነሳ። ቀስ ብሎ... ግራ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ።

ግራውን።

ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ አንስቶ ለበሰ። እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ። በግራ እግሩ ነው የሚያነክሰው። እጀታውን እንደያዘ ዞር አለ። ፊቴን አላየም፤ ወደ እግሬ ነው ያየው።

"ችኩሌ" አለኝ። "ጫማሽን እሰሪ።"

ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው። ያጠፋሁት የአባቴን መውጫ ነው።